በበጋ ብርድ በመንዝ ጓሳ አፋፍ ላይ ስለ መንሸራሸር

መግቢያ

በአውሮፓ አገሮች የባሕር ዳር ሰው የሚበዛበት በሙቀት ወራት ነው። ዋናተኛው፣ ቸርቻሪውና ሕፃናቱ አሸዋውን ሞልተው ይሰነብቱና ብርዱ ሲገባ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣል። ይህ ሰው ሊዋኝ አይመጣም፤ ካፖርቱን ደርቦ፣ ነፋሱን በፊቱ እየተቀበለ፣ የማዕበሉን ድምፅ እየሰማ ጭር ባለው ዳርቻ ላይ ይራመዳል እንጂ። በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሽርሽር ያውቀዋል። እንዲያውም ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በባሕር ዳር ስላሳለፍነው ዕረፍት ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን፣ ባሕር ሳናይ ስለ ባሕር ጽፈናል።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመንዝ ደጋ ላይ፣ ምድር በድንገት የምታልቅበት፣ ነፋስ የማይለየው፣ በብርድ ወራት ጭር የሚልና ዓይን እስከ ቻለ ድረስ የሚያይበት ሌላ ዳርቻ አለ። ይኸውም የጓሳ አፋፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ አፋፉ የት እንደሚገኝ፣ ብርዱ ከምን እንደሚመጣ፣ በዚያ ለሚንሸራሸር ሰው ምን ደስታ እንደሚሰጥ፣ እንደዚሁም ይህን ደስታ ማን ጠብቆ እንዳቆየው ለማስረዳት እንሞክራለን። የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ መሆኑን አንባቢ ወደ ፊት ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

ስለ ወራቱ

አስቀድሞ አንድ የቃል ጉዳይ ማጥራት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ሰዎች ብርዳማውን ወራት የሚጠሩበትን ቃል መምህራኖቻችንም መዝገበ ቃላቱም «ክረምት» እያሉ ይተረጉሙታል። ነገር ግን ክረምት ለእኛ የዝናብ፣ የጭቃና የደራሽ ውሃ ወራት ነው እንጂ የበረዶና የውርጭ ወራት አይደለም። ትርጉሙን አምኖ በሐምሌ ወደ ጓሳ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ጉምና ማጥ ብቻ ነው። በመንዝ ውርጭ የሚወርደው በበጋ ነው፤ በተለይም ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ጥር ባሉት ወራት።

የጓሳ አገር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ይገኛል። በዚህ ምክንያት በዓመቱ ረጅም ቀንና በዓመቱ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በአውሮፓ ሙቀትና ብርድ በወራት ይፈራረቃሉ፤ በመንዝ ግን በአንዲት ዕለት ውስጥ ይፈራረቃሉ። በታኅሣሥ ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ውሃ በቅል ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ በዚያው ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ የሚጥል እረኛ ይታያል። ስለዚህ የመንዝ መንገደኛ የብርዱን ወራትና የሙቀቱን ወራት በአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኛቸዋል ማለት ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

መንዝ በትውፊት ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በስተ ሰሜኑ ግሼ፣ በስተ ምዕራቡ ከወንዞቹ ሸለቆ ማዶ መርሐቤቴ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ ወደ ተሠራው ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲቃረብ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሳይወርድ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያም ሞላሌንና መሐል ሜዳን በሚያገናኘው መንገድ ደጋ ለደጋ ይጓዛል። ጓሳ የተባለው አገር መሐል ሜዳ ከመድረሱ በፊት በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

አገሩ ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። ጓሳ እንደ ሌላው ሣር መሬቱን ሸፍኖ የሚተኛ አይደለም፤ በየጉብታው እየተለየ፣ ረጅምና ጠንካራ ሆኖ የሚበቅል ነው። ነፋስ ሲነካው አንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እያጋደለ መስኩ ሁሉ ይወዛወዛል። በመካከሉ ጅብራ ብቻ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ከድንጋዩ ሥር ጦስኝ ይሸታል፤ ወደ ጥጉ ደግሞ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ አለ።

በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከአፋፉ ሥር የኤፍራታና ግድምና የቀወት ቆላ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ ነው። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ከተሞች የሚገኙት በ1,300 እና በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን ብናስብ፣ በአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች እያየ ነው። ይህ ግድግዳ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ የምዕራብ ዳርቻ ነው። ድንጋዩ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት አንደኛውን የድንጋይ ንብርብር በዚሁ አገር ስም «ጣርማ በር» እያሉ ይጠሩታል።

አፋፉን ከባሕር ዳርቻ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ተራራ ጫፍ በስተ ምሥራቅ የወረደች የዝናብ ጠብታ ወደ አዋሽ ትሄዳለች፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ወደ ምዕራብ አዘንብላ የወረደች ጠብታ ግን በወንጪትና በጀማ አድርጋ ወደ ዓባይ ትገባለች፤ ሱዳንንና ግብጽንም አቋርጣ ከሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ትደርሳለች። እንግዲህ በጓሳ አፋፍ ላይ የሚራመድ ሰው ቀኝ እግሩን በአንደኛው ተፋሰስ፣ ግራ እግሩን በሌላው ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

ብርዱ ከወዴት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። አንድ ሰው በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በአፋፉና በቆላው መካከል ከ12 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት ይኖራል። አንዱ ወንድም በጓሳ ባና ለብሶ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ ቆላ የወረደው ወንድሙ በዚያው ሰዓት ጥላ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰማዩ ጥራት ነው። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ስለ ሆነ ደመና አይኖርም። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ እንዳታጣ ያግዳታል። ደመና በሌለበት ሌሊት ግን ሙቀቱ ወደ ጠፈር ይበተናል፤ መሬቱም ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቂት እርጥበት በሣሩ ላይ አመዳይ ሆኖ ይረጋል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በየጎድጓዳው ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት አመዳይ አጥብቆ የሚይዘው በረባዳው ላይ ነው፤ ጉብታውና አፋፉ ግን ጥቂት ይሻላቸዋል። ሌሊት በሜዳው መካከል ያደረ ሰው በአፋፉ ላይ ካደረው ሰው ይልቅ ይበርደዋል ቢባል የሚያስገርም ቢመስልም እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ለመንገደኛው ያን የመሰለ የጠራ ጠዋት የሚሰጠው ሌሊት፣ ለባላገሩ የሚያስፈራው ሌሊት ነው። በመንዝ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ ገብሱ ገና ፍሬ ሲይዝ ውርጭ ከደረሰበት ይመታል፤ ዛላው ነጭ ሆኖ ቆሞ ይቀራል እንጂ ውስጡ ፍሬ አይገኝበትም። እኛ ማታ ወጥተን ኮከቡ ሲያበራ አይተን «ነገ መልካም ቀን ይሆናል» እንላለን፤ ባላገሩ ግን ያንኑ ሰማይ አይቶ ደመና እንዲመጣለት ይለምናል። ስለ ብርድ ሽርሽር የሚጽፍ ሰው ይህን ካልተናገረ ግማሹን ነገር ትቶታል ማለት ነው።

ከንጋት እስከ ረፋድ በአፋፉ ላይ

በዚህ አገር ለመንሸራሸር የሚመረጠው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ፀሐይ የምትወጣው ከቆላው በኩል ስለ ሆነ በሽርሽረኛው ፊት ለፊት ሳይሆን ከእግሩ በታች የምትወጣ ትመስላለች። በመጀመሪያ ከአፋር ሜዳ ወዲያ ያለው የሰማይ ጠርዝ ይቀላል፤ ቀጥሎ በሥሩ ያሉት ኮረብቶች ጫፍ ጫፋቸው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ የገደሉን ግንብ ይመታና ጥቁሩ ድንጋይ ቡናማ ይሆናል። በጓሳው ላይ ያለው አመዳይ ግን ገና ነጭ ነው። እግር ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ይህ ድምፅ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይ ነው፤ ፀሐይዋ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ስትል አመዳዩ ይቀልጥና ሣሩ ጠብታ ያዘለ ይሆናል፤ ጫማም ይርሳል።

በአንዳንድ ጠዋት ደግሞ ደመናው ከሰው በታች ሆኖ ይገኛል። ቆላው በሙሉ በነጭ ደመና ይሸፈንና ዝቅተኞቹ ተራሮች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላሉ። በገደሉ ሥር ያሉት እጥፋቶች እንደ ወደብ ይመስላሉ። ባሕር አይተን የማናውቅ ተማሪዎች የባሕርን ስፋት የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ አፋፍ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነፋሱም ቢሆን የባሕር ዳር ነፋስ ዘመድ ነው። በባሕር ዳር ቀን ቀን የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። በገደል አፋፍም እንዲሁ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ፀሐይ የገደሉን ፊት ካሞቀችው በኋላ ግን አየሩ ግንቡን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል። በአፋፉ የሚሄድ ሰው በማለዳ ነፋሱን ከኋላው፣ በረፋድ ከፊቱ ያገኘዋል። በሁለቱ መካከል ነፋስ ጨርሶ የማይኖርበት ጥቂት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ከታች ከቆላው መንደር የዶሮ ጩኸት ሳይቀር ይሰማል። ከሽርሽሩ ሁሉ የምንወደው ይህችን ጊዜ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ላይ የወጣው አየር ይቀዘቅዝና ብዙ ጊዜ ጉም ይሆናል። ጉሙ ከገደሉ ጫፍ ብቅ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንገዱን ሊጋርደው ስለሚችል፣ ልማደኛው መንገደኛ ረፋዱን አሳልፎ ከአፋፉ ይርቃል።

በአፋፉ ላይ የሚገኙ እንስሳት

በጠዋት በአፋፉ ከሚሄድ ሰው ጋር አብረው የሚሞቁ ባለ አገሮች አሉ፤ እነሱም ጭላዳዎች ናቸው። ጀርመናዊው አሳሽ ሩፔል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ይህን እንስሳ ለዓለም ሊቃውንት ሲያስተዋውቅ ስሙን ከአገሩ ሰው አጠራር ወስዶታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አይገኝም። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሣር እየጋጠ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ከአውሬ ለመዳን በገደሉ ፊት ላይ በጠባብ እርከን ተጣብቆ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ አፋፉ ይወጣና በደረቱ ያለውን ቀይ ምልክት ወደ ፀሐይ አዙሮ ይቀመጣል። እስኪሞቀው ድረስ አይሠማራም። ስለዚህ ማለዳ የሚነሣ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች እንደ ሰንበት ማኅበርተኞች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛል። ቀስ ብሎ ካለፈ አይሸሹትም።

በዚሁ መስክ ቀይ ቀበሮ ይገኛል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ሊቃውንቱ ይገምታሉ፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያሉ ናቸው። በጓሳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጭላዳ በሚካሄደው ጥናት ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ግልገሎቻቸውንም አይነካም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በታተመው ዘገባ መሠረት፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ከሞከረው ውስጥ 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነቅሉ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ስለሚወጡ ወይም ቀበሮው በመካከላቸው ስለሚሸሸግ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ለእኛ ግን ነገሩ ከሳይንስ በተጨማሪ ምሳሌም ይመስለናል፤ ቀበሮው በጎረቤት ፊት ጨዋ ሆኖ በመገኘቱ ተጠቅሟልና።

ከላይ ደግሞ ቁራውና ንስሩ ከገደሉ በሚወጣው ነፋስ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለ ድካም ይንሳፈፋሉ። አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ እየወጣ በዐለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም በዚያ ያልፋል። በአፋፉ ላይ የቆመ ሰው አሞራን ከላይ ወደ ታች የማየት ዕድል ያገኛል፤ ጀርባውንም ያያል።

«ምን ጠፋባችሁ?»

በዚህ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው እንግዳ ነገር ነው። እኛ በታኅሣሥ ወር በአፋፉ ስንሄድ ያገኘን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ካለን በኋላ ቀጥሎ የጠየቀን «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ ነው። በሬ ወይም በቅሎ ጠፍቶን የምንፈልግ መስሎት ነው እንጂ በሌላ ምክንያት በዚያ ብርድ ሰው ከቤቱ ይወጣል ብሎ አላሰበም። ለአንድ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ምንም አልጠፋብንም፤ አገር ልናይ ነው» ስንላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እሱም ደግ ነው ልጆቼ፤ ብርዱ ግን የሚያይላችሁን ያህል ያያችኋል» አሉን። ከዚያም ከወገባቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው አስጨበጡን።

እኚህ አባት እግራቸው ባዶ ነበር። የለበሱት ባና የተሠራው በመንዝ በግ ጥቁር ጠጉር ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከባድና ሸካራ ነው፤ ነፋስ ግን አያስገባም። እኛ ለደስታ በምንሄድበት መንገድ ሴቶች እንስራ አዝለው ይሄዱበታል፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ይሮጡበታል፤ ነጋዴው ከቆላ በርበሬና ማሽላ፣ ከደጋ ገብስና በግ ይዞ ይወጣበታል ይወርድበታል። የባሕር ዳር ሽርሽር ያማራቸው አውሮፓውያንም ቢሆኑ አሳ አጥማጁ በዚያው ብርድ መረቡን ሲጎትት ማየታቸው አይቀርም።

ታዲያ ሌላው በግድ በሚሄድበት መንገድ በፈቃድ መሄድ ነውር ነውን? በዚህ ነገር በመካከላችን ክርክር ነበር። አንዳንዶቻችን ሽርሽር የጠገበ ሰው ሥራ ነው ብለዋል። የበለጠው ሐሳብ ግን ይህ ነው፤ ደስታው በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውር የሚሆነው ደስታውን ማን እንዳቆየልን ሳይጠይቁ መሄድ ነው። የአገሩም ሰው ቢሆን ውበት አይታየውም ማለት ስሕተት ነው። ሽማግሌው አፋፉን ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ቆላው መልሰው ጥቂት መቆማቸውን አይተናል፤ እዚያ የጠፋባቸው በሬ አልነበረም።

ጓሳው እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?

በመንዝ ደጋ የታረሰው መሬት ወደ ላይ ወደ ላይ ወጥቷል። ዛፉም ተመናምኗል። ታዲያ በመካከሉ ከ70 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሜዳ ሳይታረስ የቀረው ብርዱ ብቻ ስለ ከለከለ አይደለም። ምክንያቱ ሰዎች የሠሩት ሕግ ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ይባላሉ፤ ጓሳውንም ተካፍለው ለየዘራቸው አውርሰውታል። ይህ ሥርዓት በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጀመረ ይነገራል። የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ባለ ርስቶቹ በየወገናቸው አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው ጓሳው እንዲዘጋ ሲያውጅ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ከብት አይገባበትም፤ ማጭድም አያርፍበትም። ሣሩ በደንብ ካደገ በኋላ በበጋ ወራት ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። በድብቅ ያጨደ ይቀጣል። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በክረምት ለሚለበሰው ገሳና ለሌላም ለብዙ ነገር ይውላል። በጓሳ የተከደነ ቤት ዝናቡን ለብዙ ዓመት እንደሚችል የአገሩ ሰው ይመሰክራል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። መብቱ የባለ ርስት ልጆች ብቻ ነበር፤ ርስት የሌለው ሰው ሣሩን ከሩቅ ያያል እንጂ አያጭድም። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ የርስቱ መሠረት ፈረሰ፤ ቄሮም አብሮ ደከመ። ያልነበረው ሰው መብት አገኘ፤ ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ሣር ቶሎ ተጎዳ። ከዚህ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በየቀበሌው የተወከሉ ሰዎች ያሉበት አዲስ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የዱሮውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ ለአዲሱ ጊዜ እንዲስማማ አድርጎ መልሶታል። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ የታወቀ ነው፤ ጠባቂዎቹም የአገሩ ልጆች ናቸው። ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ቤትም ሕዝቡ አለው።

እንግዲህ ነገሩ ግልጥ ነው። በአፋፉ ላይ ያለው ጸጥታ የተገኘው ባላገሩ ከብቱን ሊያሰማራበት፣ ገብሱን ሊዘራበት ይችል የነበረውን መሬት ስለ ተወው ነው። ገብሱ በውርጭ በተመታበት ዓመት እንኳ ማጭዱን ይዞ ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በአንድ ጠዋት የምናገኘው ደስታ የብዙ ሰው የብዙ ዓመት መታገሥ ነው።

የቅርብ ጊዜ ፈተናም አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ብዙ መንገዶችን አስጨንቋል። ጸጥታ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው ድምፅ አለመኖር፣ ሁለተኛው ሰላም መሆን ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ደስታ አይሆንም፤ ፍርሃት ይሆናል። ስለዚህ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአገሩን ሰው መጠየቅ ይገባዋል።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

ወደ ጓሳ የሚሄድ ተማሪ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢያስብ ይጠቅመዋል። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን መሮጥ አይገባም፤ የሚያልከው ሳንባው ደክሞ ሳይሆን አየሩ ሳስቶ ነው። ልብስ መደራረብ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ይሻላል፤ ጠዋት ሁሉም ይለበሳል፤ ረፋድ ላይ አንድ አንድ እያሉ ማውለቅ ይቻላል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ብርቱ ናትና ባርኔጣ ያስፈልጋል። በጓሳው ጉብታዎች መካከል የፍልፈል ጉድጓድ ስለሚበዛ ዱላ መያዝና እግርን አይቶ መርገጥ ነው። አመዳይ የያዘው ሣር ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከገደሉ ጫፍ አሥር እርምጃ ያህል መራቅ ብልህነት ነው።

ለጭላዳ ምግብ መስጠት አይገባም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የባላገሩን ገብስ ይገባበታል። ውሻ ይዞ መሄድም ክልክል ሊሆን ይገባል፤ የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮው ይተላለፋልና። ከሁሉ በላይ ግን የሚያገኙትን ሰው ቆሞ ሰላምታ መስጠት ነው። በመንዝ ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፍ መንገደኛ ወይ ሌባ ነው ወይ የተጣላ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፣ በብርድ ወራት ጭር ባለ ዳርቻ መንሸራሸር የባሕር አገር ሰዎች ብቻ ደስታ አይደለም፤ በመንዝ አፋፍም ነፋሱ፣ ስፋቱና ጸጥታው ሁሉ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ይህን ደስታ የሚሰጠው የጠራ ሰማይ ያው ገብሱን የሚመታው ሰማይ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት አይቻልም። ሦስተኛ፣ አፋፉ ጸጥ ብሎ የቆየው በሕዝቡ ሕግና ትዕግሥት ነው።

የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወዴት እንሂድ ብለው ሲመክሩ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጓሳን እንዲያስቡት እናሳስባለን። የሥነ ምድር ተማሪ ድንጋዩን፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ጭላዳውን፣ የሕግ ተማሪ የቄሮን ሥርዓት ሊመረምር ይችላል። ምንም የማይመረምር ቢኖርም በማለዳ ተነሥቶ በአፋፉ ላይ ይራመድ። «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲያገኝም፣ ከመመለሱ በፊት ስለ ገብሱ ይጠይቀው።